የአባ ጉም ፊልም

ጀግናም ዕድል ይፈልጋል። አንዱ ካባውን ለብሶ ሲበር ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌላው ዕድሜ ልኩን ከአንድ ወረዳ አይወጣም። ዘንድሮ ግን ፊልም ሠሪዎቹ ዝነኞቹን ጨረሱ መሰለኝ፣ ማንም የማያውቃቸውን የሥዕል መጽሐፍ ጀግኖች፣ በተለይ መንፈስ ነገር ያለባቸውን፣ እየፈለጉ ጨለማ ውስጥ ከትተው ደም በደም ማድረግ ይዘዋል። ይህ እኛ ከተማ፣ ሆሳዕና፣ አይደርስም ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ደርሷል። ያውም ባልደረባዬ ቤት።

ባልደረባዬ መምህር ታዴዎስ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ወጣት ሳለ አባ ጉም የሚባል ጀግና በሥዕል ፈጥሮ ነበር፤ ሞቶ ከጉም ጋር የሚመለስ፣ ከእንሰቱ መሀል ብቅ ብሎ የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ሰው የሚያስደነግጥ። ካስደነገጠው በኋላ ታዲያ ቁጭ አድርጎ ይመክረዋል። ምክሩ ከድንጋጤው ይረዝም ነበር። ፎቶ ኮፒው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አጠገባችን ያለችው ጊምቢቹ ከተማ ድረስ ተነበበ፤ ከዚያ አላለፈም።

ቤተልሔም የዱሮ ተማሪው ናት። አዲስ አበባ ፊልም ተምራ መጣችና አባ ጉምን አስፈሪ ፊልም ላድርገው አለችው። ታዴዎስ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ስክሪፕቱን እስኪያነብ ድረስ። አባ ጉም ሰው አንቆ ይገድላል።

«ቤቲ፣ የእኔ አባ ጉም ሰው ገድሎ አያውቅም» አላት።

እሷም ምክር የሚሰጥ መንፈስ ለማየት ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም ብላ ተከራከረች። የመጀመሪያ ፊልሟ ነው፤ ካልተሳካ ወደ ሠርግ ቀረጻ እንደምትመለስ ታውቃለች። በብዙ ክርክር፣ ማነቁ እንዲቀጥል፣ አባ ጉምን ግን ራሱ ታዴዎስ እንዲጫወተው ተስማሙ።

ቀረጻው ጊምቢቹ አጠገብ፣ እንሰት ውስጥ ነበር። እኔ እርጥብ ቅጠል እያነደድኩ ጉሙን እንድሠራ ተመደብኩ። ድንበር ገፊውን የሚጫወተው መለሰ የሚባል ነርስ ነው፤ እሱንም ታዴዎስ አስተምሮታል። የማነቂያው ትዕይንት ሲደርስ ታዴዎስ እጆቹን ዘረጋ፤ የመለሰ አንገት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በእጁ ያሳደገውን ልጅ እንዴት ይነቀው? ግራ ሲገባው፣ ከዓመታት ልማድ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«ነገ ወላጅህን ይዘህ ና።»

የመለሰ ፊት ዐመድ መሰለ። ትወና አልነበረም። ቤቲ ካሜራውን አላቆመችም፤ ማነቂያውም በዚያው ቀረ።

ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ አዳራሽ ታየ። ታዴዎስ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ከእኔ ጉም ሲወጣ ከኋላ ያሉት በሀዲይሳ ቋንቋ እየተቀላለዱ ሳቁ። በግድግዳ ላይ የሚወርደውን ደም ቲማቲም ነው አሉት። አጠገቤ የተቀመጠችው ቤቲ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ያቺ ንግግር መጣች።

ከፊታችን የነበረ፣ ክራቫት ያሰረ የቢሮ ኃላፊ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አንዲት ሴት በስመ አብ ስትል ተሰማ። ቤቲ ቀስ ብላ ቀና አለች። ፊቷ በርቶ ነበር።

ሲያልቅ ታዴዎስ በር ላይ ቆሞ ሰው ይጨብጣል። ያ ኃላፊ ተራውን ጠብቆ ቀረበና፣ እንደ ቀልድም እንደ ቁም ነገርም አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መምህር፣ አባቴ አርፈዋል። እናቴን ባመጣ ይበቃል?»

ታዴዎስ ትከሻውን ያዝ አደረገው።

«አንተማ አሁን ወላጅ ነህ፤ ራስህን ይዘህ ና።»

ሰውየው እየሳቀ ደረጃውን ወረደ። ታች ሲደርስ ገባው መሰለኝ፣ ዞሮ አየንና ሳቁን አቆመ።