ለቪዛ የቀረበ የእድር ደብዳቤ

ኤምባሲ ውስጥ እውነቱን የሚናገር ሰው ሁሉ ውሸታም ይመስላል። ካላመናችሁኝ የተውሶ ኮት ልበሱና ሞክሩት...

ዘመኑ የደርግ ነው። አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። የሽመና ማሽን ጥገና እንድማር ከአንድ አውሮፓ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘሁ። ከቀበሌ ጀምሮ የነበረውን ደጅ ጥናት ልለፈው፤ የመውጫ ቪዛዬን ሳገኝ ጫማዬ አልቆ ነበር። የቀረኝ የአገሩ የመግቢያ ቪዛ ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ሊጀመር ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ቆንስሏ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። የምሄደው በእርግጥ ለመማር እንደሆነና ተምሬ እንደምመለስ ማስረጃ ፈለገች። ቤት አለህ? የለኝም። መሬት? የለኝም። ሚስት? እሷም የለችም። ቤትና መሬቱን እንኳ የነበራቸውንም መንግሥት ወርሷቸዋል፤ ሚስት ማጣቴን ግን በማን ላላክክ? ማስረጃ ይዤ ሐሙስ እንድመለስ አዘዘችኝ።

አንገቴን ደፍቼ ሰፈር ስደርስ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ሰይድን አገኘኋቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። አባቴ ሲያርፍ በእሱ ቦታ እድር ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ጭንቀቴን ሰምተው ገረማቸው።

"ታዲያ እድር አለህ አይደል እንዴ?" አሉና ማኅተማቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦ "አባላችን ድንኳን ሲተከል የኋላውን የቀኝ ጥግ የሚይዝ ስለሆነ፣ ተምሮ እንደሚመለስ እናረጋግጣለን።" አፈርኩ... ግን ሌላ ምን አለኝ?

ሐሙስ ዕለት አስተርጓሚው እድር ማለት የቀብር ማኅበር መሆኑን ሲነግራት ቆንስሏ ደነገጠች።

"ታመሃል?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"በሃያ ሦስት ዓመትህ የቀብር ማኅበር ምን ያደርግልሃል?"

ያለኝን ተናገርኩ።

"አባቴን የቀበሩልኝ እነሱ ናቸው። እናቴ የምትኖረው እዚያው እነሱ መሃል ነው። የሰው ድንኳን ካልያዝኩ፣ ነገ ለእሷ ማን ይይዝልኛል?"

ደብዳቤውን እንደገና አየችው። ከዚያ ፓስፖርቴን ሳብ አድርጋ ማኅተሟን አሳረፈችበት። እኔ ግን እስከዛሬ ያመነችው እኔን ይሁን ድንኳኑን አላውቅም።

ሦስት ዓመት ተማርኩ። አዲስ ኮት ለብሼ፣ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ሰፈር ስገባ ከቤታችን አጠገብ ድንኳን ይተከላል። ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። እናቴን ከሴቶቹ መሃል ቆማ ሳያት ነው ነፍሴ የተመለሰችው። የሞቱት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ።

የኋላውን የቀኝ ጥግ ቋሚ የያዙት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ትናንት የተለያየን ይመስል አዩኝ፤ እንኳን ደህና መጣህ ሳይሉ ቋሚውን አስጨበጡኝና ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ሻንጣዬን ጥዬ በሁለት እጄ ያዝኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ልቅሶ ቤት ሆነና ነው እንጂ እስቅ ነበር።

"መመለስህን እንኳ አውቅ ነበር" አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። "ለመሆኑ ተማርክ?"

"ተማርኩ፣ ጋሽ ሰይድ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ማስረጃ አለህ?"