የአቶ ይሄነው የመስታወት በረንዳ

በየሰፈሩ ጡረታ ወጥቶ ቁጭ ማለት ያቃተው አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያፈስ ጣሪያ አይቶ አያልፍም፤ የማያፈሰውንም አይቶ አያልፍም። ለእንጅባራ የደረሷት አቶ ይሄነው ናቸው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩት አቶ ይሄነው፣ ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር በረንዳቸውን ዙሪያውን በመስታወት አስከበቡት። ጣሪያውንም ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ አለበሱት።

«እንጅባራ ብርድ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ በነፃ ነው» አሉ ለባለቤታቸው። «ክረምት ከበጋ የሚመች ክፍል ይኖረናል።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ቁርጥማት ስላለባቸው በደስታ እሺ አሉ። ደስታቸው እስከ መጀመሪያው የኅዳር ጠዋት ቆየ። መስታወቱና ጣሪያው ከውስጥ አላባቸውና ቀዝቃዛው ውሃ ማጅራታቸው ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ጋቢ ደርበው ሲንቀጠቀጡ ፀሐይ ወጣች። ስድስት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል መስኮቱ ሥር የቆመው ሻማ ወገቡ ተቆልምሞ አጎነበሰ።

«ትንሽ ማስተካከያ ነው የሚቀረው» አሉ አቶ ይሄነው።

ወፍራም መጋረጃ ከውስጥ ሰቀሉ፤ ሙቀቱ ከመጋረጃው ጋር አብሮ ቤተኛ ሆነ። እርጥብ አንሶላ ዘረጉ፤ ክፍሉ በእንፋሎት ታጥኖ የልጃቸው የሶስና መጻሕፍት እንደ ዳቦ ኩፍ አሉ። ለጠዋቱ ብርድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰኩ፤ የቤቱ መብራት ድርግም አለ። ከሰል አቀጣጥለው ያስገቡ ዕለትማ ወይዘሮ ዘውድነሽ ራሳቸውን ሲያማቸው ማንደጃውን አንስተው ግቢ አወጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አፍነህ ልትገድለኝ ነው?»

ሦስት ቴርሞሜትር ተሰቀለ። ሦስቱም የተለያየ ስለሚናገሩ አቶ ይሄነው ደምረው ለሦስት ያካፍላሉ። ሰፈሩ «ክቡር ኢንጂነር» ይላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ማዕረጉን አልመለሱም።

በዚህ መሀል ሶስና ሀብቱን ወደደች። ሀብቱ ግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ከዘር ድንች ገበሬዎች ጋር የሚሠራ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ላቡን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ክፍል እኮ መተንፈሻ የለውም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ይሄነው «ያ ልጅ ትሕትና ይጎድለዋል» ማለት አበዙ። የሀብቱ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ በተነገራቸው ጊዜም ሐሳባቸውን ቆረጡ፤ ዘመድ ላማክር ብለው ከፋሲካ በኋላ ሊቀጥሯቸው፣ ከዚያም ሌላ ቀጠሮ ሊሰጧቸው። ሶስና ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች፤ እናትዬዋም አብረው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ይሄነው ሌላ ክፍል የሌላቸው ይመስል በመስታወቱ በረንዳ ተቀበሏቸው።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ምህረቴ፣ ድርብ ጋቢ በካፖርት ላይ የለበሱ ገበሬ ናቸው። እንደ ወጉ «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ፀሐይዋም ጣሪያው ላይ ቆመች።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን...» ላብ ወደ አፋቸው ገባ። ጋቢ ማውለቅ ደግሞ በአማች ደጅ ነውር ነው።

«መስኮቱን ብትከፍተውስ?» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ ከበሩ።

«ለምን? ሞቀኝ ያለ ሰው አለ?» አቶ ይሄነው ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አዩ።

«ኧረ ደስ የሚል ነው» አለ ፊቱ በርበሬ የመሰለው ሁለተኛው ሽማግሌ። ሦስተኛው ሽባባው የሚባለው ግን ወጉን ጥሶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

አቶ ምህረቴ ወደሱ ጎንበስ ብለው በአዊኛ አንድ ነገር አሉት። አዊኛ በሚነገርበት በአዘና ተወልደው ያደጉት ወይዘሮ ዘውድነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ምን አሉ?» አቶ ይሄነው ተቆጡ።

«‹ተነሥ፣ እዚህ ከሞትን ሠርጉ ይዘገያል› ነው ያሉት።»

አቶ ምህረቴ አፈሩ፤ ግን ከዚህ በላይ መቆም አልቻሉም። «መምህር፣ አይቀየሙኝ። እኛ የዘር ድንች ስናስቀምጥ ከታች ቀዝቃዛው የሚገባበት፣ ከላይ ትኩሱ የሚወጣበት ቀዳዳ እንተዋለን። አለዚያ ይበሰብሳል። ጥላም ቢሆን ከውጭ ነው የሚሠራ። ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ ወዲያማ መጋረጃ ምን ያደርጋል?»

ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል እያሉ ሠላሳ ሁለት ዓመት በጠመኔ የጻፉት አቶ ይሄነው፣ ጣሪያውን አንጋጠው አዩ።

«ይህን ማን ነገረዎት?»

«ሀብቱ ነው።»

አቶ ይሄነው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያም ራሳቸው ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። «ልጁ ግን ነገ መጋዝ ይዞ ይምጣ።»

ሀብቱ መጣ። ከታችም ከላይም መዝጊያ ያለው ቀዳዳ አወጣ፣ ከውጭ የሚጠቀለል የቀርከሃ ጥላ ሰቀለ፣ ውሃ የሞሉ ጥቁር በርሜሎች በግድግዳው ሥር ደረደረ። በርሜሎቹ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሲመሽ ይመልሳሉ። ሠርጉ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፤ ክፍሉ ጠዋትም ቀትርም ተመቸ።

አቶ ይሄነው ግን የሚያስተካክሉት አጥተው ከሱ። እጃቸውን አጣጥፈው ይውላሉ፤ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ቀምሰው ይተዉታል። ዝምታው በወይዘሮ ዘውድነሽ ጆሮ ጮኸ። አንድ ማክሰኞ ባልየው ገበያ ሲወጡ፣ ወይዘሮዋ ወንበር ላይ ቆመው የላይኛውን ቀዳዳ በአሮጌ ነጠላ ጥቅጥቅ አድርገው ደፈኑት።

አቶ ይሄነው ተመልሰው የበረንዳው በር ደፍ ላይ ቆሙ። አየሩን አሸተቱ። ዓይናቸው በራ።

«ዘውድነሽ! ይሄ ክፍል ዛሬ ምን ነክቶታል?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ወይዘሮዋ ፊታቸውን አዙረው፤ መሰላሉን ሊያመጡላቸውም ወደ ጓሮ ሄዱ።