ልጄ ችግር አጣች

ችግር አጥቶ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዷን ወልጃለሁ። ልጄ በፖለቲካ ሳይንስ ለዶክትሬቷ ልታጠና ያሰበችውን የሚያስረዳ ፕሮፖዛል ስትጽፍ ከረመች።

«እማዬ፣ የማጠናው ችግር አጣሁ።»

«እዚህ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠሽ?»

«አማካሪዬ ችግርሽ በጣም ሰፊ ነው፣ አጥብቢው አሉኝ።»

መንገድ ተዘጋ ሲባል ጎረቤቱ ይተክዛል፤ እሷ እስክሪብቶ ታነሳለች። እኔም ደከመኝ። ዘመኔን ሁሉ ችግር አርቅልን ስል የኖርሁ ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ «የልጄን ችግር አጥብብላት» ብዬ ለመንሁ።

ትናንት ከዩኒቨርሲቲው ስትመለስ ገና ከበር ጮኸች፦ «እማዬ፣ ችግሬ ጸደቀልኝ!»

እልል አልሁ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ጾሜ መጽደቄን አላውቅም፤ የልጄ ችግር ግን ቀደመኝ። ተመስገን።