ለፋርስ ካኖች ሽምግልና ስንቀመጥ

እኛ ሐበሾች፣ ባሕር ማዶም ተሻግረን፣ የተጣላ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አልፈጠረብንም። ባልና ሚስት ይሁኑ፣ ፓርኪንግ የተቀማሙ ጎረቤታሞች፣ መሃል ካልገባን እንቅልፍ አይወስደንም። እኔማ ይባስ ብዬ ሞተው አፈር የሆኑ ፋርሶችን ላስታርቅ ተነሳሁ። ምን ላድርግ፣ አመል ነው!

ጊዜው ኮሮና ትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ውስጥ የከተተበት ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ራቢያ በታሪክ ትምህርት ወድቃ ወድቃ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ቀራት። እሱን ካበላሸች ክፍል ትደግማለች። የደረሳት ርዕስ በፋርስ ምድር የጎሳ አለቆች ይገዟት የነበረች አንዲት ሚጢጢ ግዛት ናት። አለቃው ካን ይባላል። አንዱ ካን ሲሞት ወንድሙ ሥልጣኑን ያዘ፤ የሟቹ ልጅ አደገና የአባቴን አምጣ አለ፤ ተፋጁ፤ ግዛቲቱም ጠፋች። ራቢያ ለምን እንደጠፋች ማስረዳት አለባት።

ሳነበው አንጀቴ ተቃጠለ። አጎትና የወንድም ልጅ! መሃል የሚገባ አንድ ሽማግሌ እንዴት ይጠፋል? ወዲያው ከከተማችን አንድ ጫፍ ኢስትሙር ላሉት ጋሼ ሰይድና ከሌላው ጫፍ ሉዊስ ሴንተር ላሉት ጋሼ ተፈራ ኮል አደረግኩና በአንድ መስመር አገናኘኋቸው። በከተማችን እነሱ ያላስታረቁት ትዳር የለም። ራቢያ፣ "ዳድ፣ ዘይ አር ዴድ!" ብትለኝ፣ ትልልቅ ሰው ሲነጋገር ጣልቃ አይገባም አልኳት።

ጋሼ ሰይድ ግን ባለጉዳዮቹ በሌሉበት አንፈርድም ብለው ድርቅ አሉ። ሥርዓት ነዋ! እንግዲያው ተወካይ ይቁምላቸው ተባለ። ጋሼ ሰይድ ስለ አጎትየው፣ ጋሼ ተፈራ ስለ ልጁ ሊናገሩ ተስማሙ። መጀመሪያ ላይ በጨዋ ደንብ ነበር። ጋሼ ተፈራ የሙት ልጅ ሀብት በላህ ሲሉ ግን አንቱታው እዚያው ቀረ። ጋሼ ሰይድም ማን አሳድጎህ ነው ዛሬ አፍ ያወጣኸው ብለው ጮኹባቸው። ልብ በሉ፣ ጋሼ ተፈራ በሁለት ዓመት ይበልጧቸዋል! ስልኩ ተጠረቀመ።

በማግስቱ ራቢያ ካሜራ ፊት ቀረበች። የጻፍንላት አንዲት መስመር የለም፤ እኔ ከጓዳ ሆኜ አጮልቃለሁ። ልጅት ታዲያ የሰማችውን ጭቅጭቅ ስድቡ ሳይቀር በእንግሊዝኛ አንበለበለችው። መምህሯ ተደንቃ ኤ ሰጠቻት። ብቻ እንዲህ ያለ ማስረጃ ከየት አገኘሽ አለቻት። አንዱ ኢስትሙር፣ አንዱ ሉዊስ ሴንተር ነው አለች፣ ምን ትዋሻለች?

ራቢያስ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ቆዩና በቀደም ላስታርቃቸው ደወልኩ። ጋሼ ሰይድ፣ እኔ አጎት ነኝ፣ እሱ ይምጣ አሉ። ጋሼ ተፈራም እመጣለሁ አሉ፤ ግን መጀመሪያ ግዛቴን ይመልስልኝ።