የሳሙናው መኪና ስለ መዘግየቱና አቶ ወንዳፈረው በሰሌዳው ፊት ስለ ፈጸሙት ጀብዱ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ የካቲት፣ ባለ ሁለት እስክሪብቶው፣ ሥልጠና የማይጠግቡት አቶ ወንዳፈረው በጋምቤላ ከተማ የአንድ ዕርዳታ ድርጅት መጋዘን ቡድን መሪ ሆነው በተሾሙ በሰባተኛው ወር የሆነው ነገር ይህ ነው።

በዚያ መዋዕል ወደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ሳሙና የሚያደርሰው መኪና፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት መነሳት ሲገባው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ እያረፈደ ወጣ፤ ጥፋተኛው ሲፈለግም ሾፌሩ በንብረት ጠባቂዋ፣ እሷ በጫኙ፣ ጫኙም በሾፌሩ አሳበበ። አቶ ወንዳፈረውም እጅግ ተቆጥተው ነጭ ሰሌዳ አስገዙ፤ በመጋዘኑ በር አቁመውም በማለዳ ሠራዊታቸውን ሰበሰቡ። የመጡትም እሊህ ናቸው፦ የኢታንግን መንገድ አቧራ የለመደው ሾፌር ጋትሉዋክ፣ ቁልፍ ከእጇ የማይለይ ንብረት ጠባቂ ነጅሚያ፣ ሦስት ካርቶን በአንድ ትከሻ የሚያነሳው ጫኝ ኮንግ። ለእነርሱም እንዲህ የሚል አዋጅ ተነገረ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ ተጠያቂነት ሆኗል! መኪናውን ያስዘገየ ሰው ስሙን በገዛ እጁ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ!»

ከዚህም በኋላ አዋጁን ያብራሩ ጀመር፤ ስለ ልቀት ተናገሩ፤ ስለ ሰዓት ማክበር አብዝተው ተናገሩ፤ የጃፓንን ምሳሌ አመጡ፤ ያልገባው ቢኖር ብለውም ደገሙት። አለቃ ሲናገር መነሳት በዚያ ቢሮ ነውር ነውና ማንም አልተነሳም፤ የስብሰባው የፊርማ ወረቀት ዞሮ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ሆነ።

ያን ጊዜ በኩሌ የሴቶቹ ተወካይ ኛቾል በስልክ ያወጀችው ደረሰ፦ «እኛ በጠዋት ወጣን። ልጅ አዝለን ቆመናል። ሳሙና የለም፣ ፀሐይ ብቻ መጣ። ማነው ይሄን ያደረገ? ስሙን ንገሩን!»

ምርመራ ሆነ። ጋትሉዋክም በይፋ ቃሉን ሰጠ፦ «እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሞተር አስነሳሁ። ስብሰባ ግባ ተባለ፣ አጠፋሁ።» ነጅሚያ መጋዘኑ የተከፈተበትን ሰዓት ከመዝገብ አሳየች፤ ኮንግም ተጭኖ የታሰረውን መኪና በጣቱ አመለከተ። ጥፋቱም ከስብሰባው በቀር ማረፊያ አጣ።

አቶ ወንዳፈረው አዋጁ ከነገ ጀምሮ ይጽና ቢሉ የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ይህንንም አስበው ነበር። ነገር ግን በፀሐይ የቆሙት እናቶች ትዝ ሲሏቸው ክፉኛ አፈሩ፤ እስክሪብቶውንም መዘው «ወንዳፈረው፦ ሁለት ሰዓት አስዘገየ» ብለው ጻፉ። ወደ ኩሌም «ያስዘገየሁት እኔ ወንዳፈረው ነኝ! ይቅር በሉኝ!» ብለው አስነገሩ፤ ጋቢና መቀመጥን ትተው ከካርቶኑ መካከል ተጭነው ሄዱ፤ ሳሙናውንም በእጃቸው አደሉ።

በማግስቱ መኪናው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጣ፤ ካርቶን የተሰነጠቀበት ኮንግም ማንም ሳይጠይቀው ስሙን ሊጽፍ ወደ ሰሌዳው መጣ።

እነሆ፣ ሌላውን ሊከስሱ ወጥተው ራሳቸውን የማረኩ፣ የመጋዘን አንበሳ፣ የሰሌዳ አርበኛ ወንዳፈረው! ፈጣሪ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን፤ ስብሰባቸውን ያሳጥርልን፤ አሜን።