አምስት ጊዜ የሮጡት ሽማግሌ

ዊልቸር የሚገፋ ሰው የሚያውቀው የሰው ማጅራት ነው። እኔ ዴንቨር ኤርፖርት አራት ዓመት ገፍቻለሁ፤ ስንቱን ማጅራት እንደማውቅ አልነግራችሁም! ታዲያ ማጅራት ይስቃል? «እንዴት አደርክ?» ይላል? ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ካለችው አንድ ክፍል ቤቴ ስገባም የሚያናግረኝ የለም።

እኚህ ሽማግሌ ግን አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። በየወሩ ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። ታክሲ በር ላይ ያወርዳቸዋል፣ እኔ እረከባቸዋለሁ። ስሜን ጠየቁኝና ሦስቴ አስደግመው በትክክል ጠሩት። ወጣት ሳሉ ምን ይሠሩ እንደነበር ብጠይቃቸው፣ በእንግሊዝኛ «ኮሎራዶ ውስጥ አምስት ጊዜ ሮጫለሁ። አራቱን አሸነፍኩ፣ በአምስተኛው አንድ ልጅ እግር ቀደመኝ» አሉኝ።

ዊልቸሩን አቆምኩ። ለኢትዮጵያዊ «ሮጥኩ» ብሎ መንገር ቀልድ ነው እንዴ? ርቀቱን ጠየቅኳቸው። «ስቴቱን በሙሉ» አሉ። ማራቶን ነው ማለት ነው። ጫማስ ብላቸው «ስንቱን ጨርሻለሁ!» አሉ። ስለ ጉልበታቸው ስጠይቃቸው ደረጃ መውጣት እንደሚያቅታቸው፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህም ቁርስ ቆመው እንደሚበሉ ነገሩኝ። ጉልበታቸውን በለጋ ቅቤ እንዲታሹ መከርኳቸው፤ ከየት እንደሚያገኙት እንጃ። እኔም እሁድ እሁድ ከማንም ጋር ሳልነጋገር እንደሚመሽብኝ ነገርኳቸው። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በየወሩ እኔን በስሜ ያስጠሩኝ ጀመር፤ እኔም መምጫቸውን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ የእኔ አፍ ግን መች ያርፋል? እሳቸውን ለሚያመጣቸው ታክሲ ነጂ ለሀብቶም ስለ ሯጬ ጉራዬን ነዛሁበት። ሀብቶም አስመራ ሳለ አማርኛ የተማረ፣ ዴንቨር ያረጀ ሰው ነው። ከት ብሎ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር እኮ ለምርጫ መወዳደርም መሮጥ ነው የሚባለው! ሰውየው ሴናተር ነበሩ። የውሃ ሕግ ያወጡ፣ የያኔው ጦርነት ይቁም ብለው ከፓርቲያቸው የተጣሉ ትልቅ ሰው ናቸው!» አለኝ።

እንዳልሰማ ብሆን ምን ነበረበት? በሚቀጥለው ወር ሲመጡ፣ ላከብራቸው ብዬ «ሴናተር፣ እንደምን አደሩ?» አልኳቸው። ወገባቸው ቀጥ አለ። ድምፃቸው ወፈረ። በሁለት እጃቸው ጨብጠውኝ ስለ ድጋፌ አመሰገኑኝ። እኔ ለራሴ ገና ዜግነት የለኝም፣ ማንን መርጬ ነው የምደግፈው? እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ የውሃውን ሕግ አስረዱኝ። በወሩ ክራቫት አስረው መጡና የወጣትነት ፎቷቸውን ፈርመው ሰጡኝ። ጉልበትዎስ ብላቸው «በጣም ደህና ነኝ» አሉ፤ ቁርሱንም ዳግመኛ አላነሱት። በስሜ መጥራቱንም ትተው «ወዳጄ» ይሉኝ ጀመር፤ ፖለቲከኛ ለሁሉም ሰው እንደሚለው።

እውነት ነፃ ያወጣል ይባላል። ሐሰት አይደለም። እኔን ከነበረኝ ከአንድ ወዳጄ ነፃ አውጥቶኛል።