የኔታ አንድም ጀምረው እስኪጨርሱ

መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ከየአገሩ አይጠፋም፤ ተርጉሞ የሚጨርስ ግን እስከ ዛሬ አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ ላሊበላ አልመጣም። የኛው ሊቅ፣ ግርማቸው የሚያስፈራው፣ ጥምጥማቸው ከራሳቸው የሚበልጠው መሪጌታ ተክለ ሚካኤል፣ አንዲቱን ቃል ይይዙና “አንድም እንዲህ ማለት ነው” ይላሉ። ሰሚው አለቀ ብሎ ተንፈስ ሲል “አንድም እንዲያ ማለት ነው” ይሉና እንደገና ይነሣሉ። በዚሁ የኔታ አንድም አልናቸው። ፊት ለፊት ብንጠራቸውም አይቆጡም። “አንድም ስድብ ነው፤ አንድም ማዕረግ ነው” ብለው ያልፉታል።

ወንጌላውያኑን የሚያውቋቸው እንደ ጎረቤት ነው። ማቴዎስ በምን ቋንቋ እንደ ጻፈ፣ ማርቆስ የት አገር ተቀምጦ እንደ ጻፈ፣ ዮሐንስ ያኔ ምን ያህል አርጅቶ እንደ ነበር ሲያወሩ የሰማ፣ ቀለሙን የበጠበጡላቸው እሳቸው ይመስሉታል። ክፋቱ ይህን የሚያነሡት ጉባኤ ቤት ብቻ አለመሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷ “የት ላይ ነው የሚያምዎት አባቴ?” ብትላቸው፣ “ልጄ፣ ሉቃስም እንዳንቺው ባለመድኃኒት ነበር” ብለው ጀመሩላት። ከኋላቸው ከተሰለፈው በሽተኛ ግማሹ ድኖ፣ ግማሹ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገባ።

ባለሱቁ ሙሐዲን ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያያቸው “የኔታ፣ ስኳሩ አንድ ኪሎ ነው ወይስ አንድም አለው?” ይላቸዋል።

“አንተ ሚዛንህን አስተካክል። ሚዛንም ፍች አለው።”

“ወላሂ እሱን ከነገሩኝ ሱቄን ዘግቼ መሄዴ ነው!”

ጎረቤቴ ስሜነሽማ ጥቅምት ላይ ደመናውን አይታ “የኔታ፣ ገብሴን ዛሬ ልጨደው ወይስ ለሰኞ ላቆየው?” አለቻቸው። የጠየቀችው እሷ ናትና ጥፋቱ የራሷ ነው። ዝናም በመጽሐፍ ስንት ዓይነት እንደሆነ ሲያስረዷት፣ ሦስተኛው ላይ ሳሉ በረዶው ወረደ። ቀና ብለው አዩና “ይኸው አራተኛው” አሏት።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ሳልገፋበት የቀረሁ ሴት ነኝ። ግን ልጅ ሆኜ ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ እንስራዬን ከጉባኤ ቤቱ አጥር አስደግፌ እሰማቸው ነበር። ያኔ ተማሪ ነበሩ፤ ድምፃቸው ቀጭን፣ ደበሏቸው ከትከሻቸው የሚንሸራተት። መምህሩ “ቀጥል ተክለ ሚካኤል” ሲሉ እንጂ “በቃህ ተክለ ሚካኤል” ሲሉ አንድ ቀን አልሰማሁም። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የማወራው ላማቸው ብዬ አይደለም። የኅዳር ሚካኤልን ነገር ለማንሣት ነው።

የዚያን ዕለት የማኅበራችን ጽዋ ከባንችይርጋ ቤት ነበር። ባንችይርጋ የሟች ወንድሟን ልጅ፣ ንጋትን፣ እንደ ወለደቻት አድርጋ ያሳደገች ሴት ናት። ልትድራት ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ታስሮ፣ ዳሱ ተጥሎ ሳለ ልጅቱ “ይህን ሰው አልፈልግም” ብላ በሠርጉ ዋዜማ ጠፋች። ባንችይርጋ የጠራችውን ሰው ሁሉ ደጅ ቆማ መለሰች። ከዚያ ወዲያ “በሚካኤል ገዝቻለሁ፤ ስሟን በቤቴ የሚያነሣ አይኑር!” አለች። ግዝት ግዝት ነው፤ ማን ይደፍራል? እቤቷ ስንገባ “ሲነጋ” ማለት እንኳ ፈርተን “ጧት” እንል ነበር። ልጅቱ ሙጃ ከተማ ገብታ ልብስ እየሰፋች መኖሯን የሰማነውም በሹክሹክታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ ከአጥሩ ሥር አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ቀረብ ብዬ ባያት ራሷ ንጋት!

“አንቺ! ምን ልትሠሪ መጣሽ?”

“የኔታ ናቸው ከሙጃ ያመጡኝ፤ ላስታርቅሽ ብለው። ነገሩን ልጀምርና እጠራሻለሁ፣ አንድ አፍታ ቁሚ አሉኝ።”

“ማን? የኔታ አንድም? አንድ አፍታ አሉሽ?”

“አዎን።”

“ወይኔ ልጄን!” አልኩና ጋቢዬን ደርቤላት ገባሁ።

ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ የኔታ ተነሡ። “ዛሬ ጳውሎስ ለፊልሞና የላካትን መልእክት እንተረጉማለን፤ አጭር ናት” አሉ። ማኅበርተኛው አጭር ነገር ከእሳቸው አፍ ሲገባ ምን እንደሚሆን ረስቶ ደስ አለው።

መጀመሪያ የት እንደ ተጻፈች። “ጳውሎስ በሮሜ ታስሮ ሳለ ነው። አንድም በቂሳርያ ታስሮ ሳለ ነው የሚሉ አሉ።” ከሮሜ ቂሳርያ እስክንደርስ ጠላው ተደገመ። ከዚያ ሰንሰለቱ ተተረጎመ። ከዚያ የፊልሞና ቤት ስፋት። የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ዮሐንስ መቋሚያቸውን ተደግፈው አንቀላፉ። ምላሷ የማያርፈው አስቻለች “የኔታ፣ እስረኛው እስኪፈታ ልንጠብቅ ነው እንዴ?” ብላ አሳቀችን፤ እሳቸው ግን ስለ ሰንሰለቱ አንድ የቀራቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ። ውጭ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ነፋስ አጥሩን ያስፏጨዋል። ዓይኔ ከበሩ አልነሣ አለኝ። ግዝቱን ባልፈራ “ልጅቱ በብርድ አለቀች!” ብዬ በጮህኩ ነበር።

በስንት መከራ ሰውየው ዘንድ ደረሱ።

“ይህ ፊልሞና አናሲሞስ የሚባል አገልጋይ ነበረው። ጌታውን በድሎ ከቤት ጠፋ። ኋላ ከጳውሎስ ዘንድ ቢደርስ ተጸጸተ፤ ጳውሎስም ‘ተቀበለው’ ብሎ ለጌታው ጻፈለት። ታዲያ መልእክቷን ማን ያደረሳት ይመስላችኋል?”

ጠላ ስትቀዳ የነበረችው የባንችይርጋ እጅ ቆመ። “ማነው?”

“ያው የጠፋው ራሱ ነዋ! ይዟት መጥቶ ከደጅ ቆመ።”

“ደፋር!”

“አንድም ደፋር ነው፤ አንድም ሌላ የሚሄድበት ቤት የለውም።”

“ያን ያህል በድሎ በምን ዓይኑ ሊያይ?” አለች። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ጠጋ ብላ፣ “ፊልሞናስ ምን አለው?”

“አልተጻፈም።”

“እንዴት አይጻፍም?”

“መልእክቷ ከዚያ በፊት ታልቃለች። ገባም አይል፤ ተመለሰም አይል። አንድም መልሱ ተጽፎ ጠፍቶ ይሆናል፤ አንድም…”

ከውጭ ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ የሚጎትት ሳል። ንጋት ትንሽ ሳለች በየብርዱ ያ ሳል ሲነሣባት፣ ማር በዝንጅብል እያጠጣች፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ የምታሳድራት ባንችይርጋ ነበረች። ፊቷ ተለዋወጠ። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

የኔታ ምንም አልሰሙም። “አንድም ፊልሞና ሊመልስ አስቦ ሳለ፤ አንድም…”

“የኔታ!” አለች ባንችይርጋ። “ይበቃል! ያ ሰው በብርድ ሳያልቅ አስገቡት!”

“የቱ ሰው?”

“አናሲሞስ ነዋ!”

ስም አልተነሣም፤ ግዝት አልፈረሰም። እኔ ሮጬ በሩን ከፈትኩ። ንጋት ገብታ ጉልበት ልትስም ስትወድቅ፣ ባንችይርጋ ክንዷን ይዛ አነሣቻትና ወደ እሳቱ ገፋቻት። “ተቀመጪ። እጅሽ በረዶ ሆኗል። ደግሞ እንዴት ከስተሻል!” አለቻት፣ ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመችውን ቁጣ በክሳቷ ላይ እየተወጣች። አባ ገብረ ዮሐንስ በግርግሩ ነቅተው “ምን ተገኘ?” አሉ። “ግዝት ይፍቱ አባ” አልናቸው። የምን ግዝት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ “እግዚአብሔር ይፍታ” ብለው ፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኛው ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ የኔታ ነገሩን ያረዘሙት ሆን ብለው ነው፣ የባንችይርጋን ልብ ቀስ በቀስ ሊያለሰልሱ ነው ይላል። ገሚሱ ልጅቱን ጭራሽ ረስተዋት ነበር ይላል። ንጋት ራሷ “ስገባ ሲያዩኝ ደንግጠዋል” ትላለች።

ቢቸግረኝ ባለፈው ሰሞን፣ ከገበያ ስመለስ አጥራቸው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው። “አንድም አስቤበት ነው” አሉና ጀመሩ። ቤት ሥራ ይጠብቀኝ ነበር፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። ድምፃቸው ዛሬ ሻክሯል፤ ከሥሩ ግን ያ ቀጭኑ አለ። ዘንቢሌን ከአጥሩ አስደገፍኩ። ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም አሉና፣ “በቃ” የምላቸው መስሏቸው አዩኝ።

“ይቀጥሉ የኔታ” አልኳቸው።